የእድሩ ድንኳን በእግራችን

«ኦርጅናል ነው?» ይሉኛል። ሠርቼ ጨርሼ፣ ክሩን ቆርጬ፣ አቧራውን አራግፌ እጃቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው ጫማውን ገልብጠው ሶሉን ያያሉ፤ ውስጡን ገልጠው ምልክት ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ቀና ብለው «ኦርጅናል ነው?» ይሉኛል። አዎ፣ ኦርጅናል ነው። ከዚህ በላይ ኦርጅናል ከየት ይመጣል? ሠሪዋ ፊታችሁ ቆማለች፤ ጣቷ ላይ ያለው ማስቲሽ እንኳ ገና አልደረቀም። እነሱ ግን ኦርጅናል የሚሉት ባሕር ተሻግሮ የመጣውን ነው። ባሕር ተሻግሮ የመጣው ደግሞ አብዛኛው ኮፒ ነው። ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። እኔ አልስቅም፤ በዚህ ነገር የምስቅበት ትዕግሥት አልተፈጠረልኝም።

ያደግኩት ጉለሌ ነው፤ ከአዲሱ ገበያ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ። የእኛ ሰፈር ልጆች በጫማ ያበድነው ጫማ ስላልነበረን ብቻ አይደለም፤ ጭቃ ስለነበረንም ነው። ክረምት ላይ ነጭ ስኒከር አድርጎ ከቁስቋም ማርያም ተነስቶ፣ ሳይቆሽሽ አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራ የደረሰ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ይወራለታል። ድንጋይ እየመረጠ ሲረግጥ እኛ ከኋላው ተከትለን እንወርዳለን፤ አንድ ጊዜ ቢያንሸራትተው ብለን የምንጸልይም ነበርን። ሰልባጅ ተራ የልባሽ ቦንዳ በሚፈታበት ጠዋት ከወንዶቹ እኩል ተጋፍቼ ቀኝ እግሩን ከአንዱ ክምር፣ ግራውን ከሌላው እያወጣሁ እገዛለሁ፤ ቤት ወስጄ በጥርስ ብሩሽ እፈትገዋለሁ። «ሴት ልጅ በጫማ ካበደች ባል አታገኝም» ያለችኝ ጎረቤት ነበረች። እውነቷን ነው፣ አላገኘሁም። ጫማ ግን አለኝ።

ሥራውን የጀመርነው ሁለት ሆነን ነው። አንዱ አዲሱ ገበያ መንገድ ዳር ጫማ የሚሰፋ አብሮ አደጌ ነው። አባቱ ባለሱቅ ናቸው፤ ልጃቸው ሚዛኑን ትቶ ወስፌ ማንሳቱ እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ የሰልባጅ ስኒከር ከላይ ተቀዶ ሲጣል ሶሉ አብዛኛውን ጊዜ ገና ጎበዝ ነው። ስለዚህ ሶሉን ያስቀራል፣ የተቀደደውን ገፎ ይጥላል፤ እኔ አዲሱን የላይኛውን ክፍል በወረቀት ነድፌ ከጨርቅና ከቆዳ እቆርጣለሁ፤ እሱ ፎርማ በሚሉት የእንጨት እግር ላይ ወጥሮ ያጣብቀዋል። በጫማው ጀመርን፣ ቀጥለን ጃኬትና ሰፋፊ ሱሪ ጨመርን። ለሥራችን ስም አወጣንለት። እዚህ አልጽፈውም፤ የሚፈልገው ሰው ፈልጎ ያገኘዋል።

በመሃላችን ያለችው ሰፊ እናቴ ናት። ሠላሳ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታለች። በእግር የሚረገጠው መኪናዋ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። መጀመሪያ ንድፌን ሳሳያት «ይሄ ትከሻው ወርዶ የለም እንዴ?» አለች። «እንዲወርድ ነው እማዬ» አልኳት። «ሰው ታሞ የከሳ ያስመስለዋል» አለችና እንዲወርድ አድርጋ ሰፋችው። ያልተስማማችበትን ነገር ከተስማማችበት አሳምራ ነው የምትሰፋው። እልኸኛ ናት፤ እኔም ከሌላ ሰው አልወረስኩትም።

አንድ ቀን የሰፈራችን እድር አዲስ ድንኳን ገዛ፤ ብረት ያለው፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ዝናብ ሲመታው እንደ ቆርቆሮ የሚጮህ። አሮጌው የሸራ ድንኳን እድሩ ቤት ጥግ ተጥሎ አይጥ ሲበላው ከረመና በመጨረሻ ለጨረታ ወጣ። ተጫራቾቹ ሁለት ነበርን፤ እኛና አንድ የሸጎሌ በግ ነጋዴ። ሰውየው የፈለገው ለበጎቹ መከለያ ነው። ትንሽ ጨምረን አሸነፍነው። የእድሩ ዳኛ፣ ማለትም ሰብሳቢው፣ በገዛ እጃቸው ደረሰኙን ጽፈው ማኅተም መቱበትና «ምን ልታደርጉት ነው?» አሉ። «ልብስ» አልናቸው። ሳቁ። «የሚለብሰው ካገኛችሁ ይሁና» አሉ።

ግቢያችን ውስጥ ስንዘረጋው ግቢው አልበቃውም፤ ጫፉ በር አልፎ መንገድ ላይ ወጣ። ሸራው አረንጓዴ ነበር፤ ፀሐይ ጠጥቶ ጠጥቶ የደረቀ ጎመን መስሏል። ጎኑ ላይ «የመረዳጃ እድር ንብረት» የሚል ትልልቅ ቀይ ጽሑፍ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ በትንንሽ ቀይ ፊደል «እድር» የሚል አለው። እናቴ ላለመርገጥ ዙሪያውን እየዞረች መረመረችው። መጣፊያ በመጣፊያ ነበር፤ ሁሉንም ታውቃቸዋለች፣ የጣፈቻቸው እሷ ናትና። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ እድሩ ድንኳኑን አሸክሞ እኛ ቤት ይልከው ነበር፤ እሷም ያለ ምንም ክፍያ ትጥፈው ነበር። «ይሄን እሳት ነው የበላው፤ ይሄን ንፋስ» እያለች በጣቷ ስታሳየን ቆየችና አንዱ ጋ ስትደርስ ጣቷን እላዩ ላይ አቆመች። አባቴ የሞተ ጊዜ ከላያችን የነበረው ይኸው ድንኳን ነው። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ቀና ብዬ ያየሁት ያቺ መጣፊያ የደፈነችውን ቀዳዳ ነው። ያቺን መጣፊያ አትንኩብኝ የምትል መስሎኝ ነበር። እሷ ግን መቀሱን ከእጄ ወሰደችና መጀመሪያ የቆረጠችው እሷኑ ነው። «ድርብ ናት፤ ለተረከዝ ትሆናለች» አለች።

ጃኬቶቹ ቀድመው ደረሱ። ብዛታቸው በድንኳኑ ልክ ነው፤ ድንኳኑ ሲያልቅ እነሱም ያልቃሉ፣ ሌላ አይሠራም። ስልክ ላይ ፎቶ ለጠፍንና በሳምንት ውስጥ ሄዱ። ቀዩን ጽሑፍ ሆን ብዬ ነው ያልፋቅኩት፤ አንዱ ጀርባ ላይ «መረ»፣ ሌላው ላይ «ንብረት» ይላል። የእድሩ ጸሐፊ ሳይቀር አንዱን ልጅ መንገድ ላይ አስቁሞ «የእኛ እኮ ነው!» ብሎ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። በኩራት ነበር። ከዚያ ከተረፈው ሸራ ጫማዎቹን ሠራን። ከሁሉ የሚያምረው ጥንድ ላይ፣ ግራው እግር ጎን ላይ «እድር» የሚለው ቃል ሙሉውን ወጣ። የገዛው የሰፈራችን ሚኒባስ ሹፌር ነው።

አሁን አንድ ነገር ልናገር፤ ያላሰብንበትና ልናስብበት ይገባን የነበረ ነገር። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው አንገቱን ይደፋል። አንገቱን የደፋ ሰው የሚያየው ጫማ ነው። በሌላ ቦታ ጫማህን ማንም ላያይልህ ይችላል፤ ድንኳን ውስጥ ግን ከሰማይ በታች ሌላ የሚታይ ነገር የለም። በስኒከር አብዶ ያደገ ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት።

ሹፌሩ ጎረቤቱ ሞቱበትና ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። ለሟቹ ክብር ብሎ ያለውን ምርጥ ጫማ አደረገ። ምርጡ የእኛ ነበር። አዲሱ የፕላስቲክ ድንኳን ሥር ከሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ እግሩንም ዘረጋ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን እንደደፉ ቀዩን ጽሑፍ አነበቡት። አንዱ ለጎኑ አሳየ፤ ጎኑም ለጎኑ። ሹፌሩ ሰው ሁሉ ጫማውን ሲያይለት እንደወደዱለት ነው የገመተው፤ እንዲያውም እግሩን ይበልጥ ዘረጋላቸው። ይህን ሲነግረኝ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ የትኞቹ ሽማግሌዎች እንደሆኑ ጠየቅኩት።

በማግስቱ የእድሩ ጡሩንባ ነፊ በራችን መጥቶ ቆመ። ለሞት ነው ብዬ ደነገጥኩ። «ጠቅላላ ጉባኤ ትፈለጊያለሽ» አላት እናቴን፤ አይን አይኗን ማየት አልቻለም። አባል ለቤተሰቡ ተጠያቂ ነው ይላል የእድሩ ደንብ። ስለዚህ ጥፋተኛዋ እኔ ሳልሆን እሷ ናት፤ የሚሰረዘውም የእሷ ስም ነው። እድር የሌለው ሰው ጉለሌ ውስጥ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ሲሞት ጡሩንባ አይነፋለትም። ድንኳን አይተከልለትም። አስከሬኑን የሚያነሳ ትከሻ ልጁ በየቤቱ እየዞረች ትለምናለች። እናቴ ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ደረቷም ደህና አይደለም። የምትሞትበትን ቀን፣ እኔ ብቻዬን ስቆም፣ በሐሳቤ አየሁት፤ ምሳዬንም መብላት አቃተኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሟቹ ቤት ነው። እድሩን አልፈራም፣ ሐዘንተኛ ግን እፈራለሁ። ሚስትየው ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ነበር። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ያዝኩና «እማማ፣ በሐዘንዎ ላይ ነውር ሠርተን ከሆነ ይቅር ይበሉን» አልኳቸው። ምን እንደማወራ አልገባቸውም። ሳስረዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ የማንንም ጫማ አላየሁም ልጄ» አሉኝ። «እኔ ሳይ የነበረው በር ሥር ያለውን የእሱን ጫማ ነው፤ ማን ያነሳዋል እያልኩ።» አልቅሼ ወጣሁ። ይቅርታ የምጠይቀው ከዚህ በኋላ የለም ብዬም ወሰንኩ፤ ያስቀየምኩትን ሰው ጠይቄያለሁ።

ለጉባኤው ዕቅድ ነበረኝ። እናቴ ምንም አታውቅም እላለሁ፤ የቆረጥነውም የሰፋነውም እኔና ጓደኛዬ ነን እላለሁ። ከዚያ የፈለጉትን ይበሉኝ፤ እኔ አባል ስላልሆንኩ ምንም ሊሰርዙብኝ አይችሉም። «አንቺ ዝም ብለሽ ትቀመጫለሽ» አልኳት። «እሺ» አለች። እናቴ «እሺ» ስትል ሰምቼ አላውቅም፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ቤት ሞላ። ዳኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ መናገር ይችሉበታል። «ድንኳን የሰፈሩ ጣሪያ ነው» አሉ። «ሀብታሙም ድሃውም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ቀን እሱ ሥር ይቀመጣል። ጃኬት ሲያደርጉት ዝም አልን፤ ልጆች ናቸው ብለን። ጣሪያን ግን ማንም እግሩ ላይ አያደርግም። ጭቃ ይረገጥበታል? ሽንት ቤት ይገባበታል?» ንግግራቸው ጥሩ ነበር፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። ቀጥለው ፍርዱን አስቀመጡ። ጫማዎቹ ከየገዙት ሰዎች ተሰብስበው ይመጣሉ፤ ጉባኤው ፊት ይቃጠላሉ፤ እኔም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህ ካልሆነ የእናቴ ስም ከመዝገብ ይፋቃል።

ተነሳሁ። «ጋሼ፣ ደረሰኙን የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት» አልኩ። «ከእኛ ጋር የተጫረተውን ሰውዬም ያስታውሱታል። እሱ ቢያሸንፍ ኖሮ ዛሬ ይሄ ድንኳን ሸጎሌ በግ በረት ውስጥ በጠጥ ይወርድበት ነበር። ያን ጊዜ ጉባኤ ይጠሩ ነበር? አይጥ ሲበላውስ ጠርተው ነበር? እኛ ከበግና ከአይጥ አውጥተን ሰው እግር ላይ አዋልነው። ሰው ከበግ ያንሳል?»

ቤቱ ተተራመሰ። «አፏን ያዙልኝ!» ያለ አለ፤ «እውነቷን ነው!» ያለም ነበር፣ ከኋላ፣ ማን እንደሆነ አላየሁትም። ጓደኛዬ ተነስቶ ጫማዎቹን የሠራሁት እኔ ነኝ ሲል «አንተ አባትህን ላክ» ብለው አስቀመጡት። ዳኛው ግን አልጮሁም። ጸጥታ እስኪሆን ጠበቁና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እናቴ ዞሩ። «እንዲህ ያለችውን ልጅ ይዘሽ ነው የምትሞቺው?» አሏት፤ በሐዘኔታ ነበር።

ስናገር ደፋር ነኝ። «የምትሞቺው» የምትለዋን ቃል ስሰማ ግን ድፍረቴ አለቀ። ሬሳዋ፣ ባዶው ግቢ፣ እኔ ሰው ልለምን በየበሩ ስቆም፤ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። ጫማ ነው፤ ሌላ እሠራለሁ። ቃል ነው፤ ዋጥ ይደረጋል። «ይቅር...» ብዬ አፌን ስከፍት እናቴ ቀሚሴን ይዛ ጎተተችኝና እሷ ተነሳች።

«እሷ አልሰፋችም» አለች። «የእሷ ስፌት ጠማማ ነው፤ ያየ ያውቃል። የቆረጥኩትም የሰፋሁትም እኔ ነኝ። ድንኳኑን በየዓመቱ ስጥፍላችሁ ስለ ክብሩ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ባሌን ያለቀስኩት እሱ ሥር ነው፤ ከዚህ ቤት ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው ካለ ይነሳ።» ዙሪያዋን ቃኘች። «እግር ነውር ነው አላችሁ። አስከሬን የሚሸከመው ትከሻ ነው፤ ትከሻውን ተሸክሞ እስከ መቃብር የሚያደርሰው ምንድን ነው? አላቃጥልም። ልጄም አትንበረከክም።»

ዳኛውና ሽማግሌዎቹ ለረጅም ጊዜ ተማከሩ። ሙሉ በሙሉ መሰረዝ የከበዳቸው ሰዎች ነበሩ፤ ምናልባት የጣፈችላቸውን እያሰቡ። በመጨረሻ ዳኛው ቆሙና ውሳኔውን አነበቡ። ለአንድ ዓመት ታግዳለች። በዚያ ዓመት ውስጥ ሞት ቢመጣ እድሩ አይወጣም፤ ድንኳንም፣ ጡሩንባም፣ ተሸካሚም የለም። ዓመቱ ሲሞላ ትመለሳለች።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ለአንድ ዓመት ነው ያላችሁት?» አለች።

«ለአንድ ዓመት።»

«እንግዲያው ዘንድሮ አልሞትም» አለች።

የሳቀ ነበር። ዳኛው አልሳቁም፤ እኔም አልሳቅኩም። ዳገቱን ስንወጣ በንዴት አለቀስኩ፤ እሷ ግን ፊት ፊት እየሄደች ስለ ክር ታወራኝ ነበር፤ ለሸራ የሚሆነው ወፍራሙ ክር እያለቀ መሆኑን።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ወር ሆነ። ሥራው አልቆመም። ሹፌሩ ጫማውን እስካሁን ያደርገዋል፤ ለቅሶ ሲሄድ ብቻ ያወልቀዋል፣ ያም በራሱ ፈቃድ ነው። እኔ ግን አልተኛም። ስታስል እነቃለሁ። ደረጃ ስትወጣ እጇን እይዛለሁ፤ ትመነትቀኛለች።

በዚህ ሐምሌ ብርድ መታትና አልጋ ያዘች። ጤና ጣቢያ ወስጄ መድኃኒት ሰጧት፤ ትኩሳቱ ግን አልለቅ አላት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ወሰንኩ። ዳኛው ቤት እሄዳለሁ፤ እገዳውን እንዲያነሱላት እንበረከካለሁ፤ ጫማዎቹን አንድ በአንድ ለምኜ እሰበስባለሁ፤ ክብሪቱንም ራሴ እጭራለሁ። ስለ ሥራችን የተናገርኩት ትልቅ ትልቅ ነገር ሁሉ እሷ ስታቃስት ምንም አልመሰለኝም። ነጠላ ለበስኩና ቀስ ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ።

«የት ነው?» አለች ከአልጋዋ።

«አዲሱ ገበያ ደርሼ ልምጣ። ማስቲሽ አልቋል።»

«ማስቲሽ የሚገዛው በነጠላ ነው?»

ክርኗን ተደግፋ ቀና ለማለት ሞከረች፤ ላግዛት ስጠጋ እጄን ያዘችኝ። እጇ ይፋጃል።

«ስሚ» አለች። «ያን ቀን አልሞትም ያልኩት አንቺ እንዳትንበረከኪ ብዬ ነው። ከተንበረከክሽ እኔም ከቃሌ ነፃ ነኝ። ምርጫው የአንቺ ነው።»

ነጠላውን አውልቄ ሰቀልኩት። ውኃ አፍልቼ ሰጠኋት፤ ከዚያ ጥጉ ላይ ተቀምጬ የጫማ ንድፍ መቁረጥ ጀመርኩ። እሷም ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ተኛች፤ እጄን እያየች። ሦስት ወር ይቀራል።